ከፊልሙ ጋር የሚመጣው ትርፍ

ስለ ፊልም የሚጻፍ ሂስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በታሪኩ፣ በተዋንያኑ ችሎታና በካሜራው አያያዝ ላይ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ፊልም ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ለቤት በሚሆን ዲስክ ሲታተም ብቻውን አይመጣም። የዳይሬክተሩ የማብራሪያ ድምፅ፣ ከፊልሙ ተቆርጠው የወጡ ትዕይንቶች፣ ስለ ፊልሙ አሠራር የሚናገር ዶክመንተሪ፣ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ላይ የተነደፉ ሥዕሎች፣ አንዳንድ ጊዜም የዳይሬክተሩ የቀድሞ አጫጭር ሥራዎች አብረውት ይታሸጋሉ። ብዙው ተመልካች እነዚህን ሳይነካ ያልፋቸዋል። እኛ መምህራን ግን ልናልፋቸው አይገባም ባዮች ነን፤ ምክንያታችንንም በቅርብ ዓመታት የወጡ አራት ዲስኮችን እየመረመርን እናስረዳለን። አንባብያን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው፣ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ነው።

በቅድሚያ ስለ ነገሩ አመጣጥ ጥቂት እንበል። ፊልምን በዲስክ ለቤት መሸጥ የተጀመረው በ1978 በአሜሪካ ገበያ ላይ በዋለው ሌዘር ዲስክ ነው። ዲስኩ ሰፊ ሰሐን ያህል ነበር። በ1984 ክራይቴሪያን የተባለው አሳታሚ የ1933ቱን «ኪንግ ኮንግ» በዚሁ ዲስክ ሲያወጣ፣ ሮናልድ ሄቨር የተባለ የፊልም ታሪክ ዐዋቂ ፊልሙ እየታየ ስለ አሠራሩ እንዲተርክ አደረገ፤ የማብራሪያ ድምፅ የሚባለውም በዚህ ተጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። ምስሉ አንድ ሆኖ የድምፅ መስመሩ ከአንድ በላይ ስለሆነ፣ ተመልካቹ ከፈለገ የተዋንያኑን ንግግር፣ ከፈለገ የተራኪውን ሐተታ መርጦ ይሰማል። ዲቪዲ በ1996 በጃፓን፣ በ1997 በአሜሪካ ሲወጣ ይህን ዕድል አሰፋው፤ በአንድ ዲስክ ላይ እስከ 8 የሚደርሱ የድምፅ መስመሮችና እስከ 32 የሚደርሱ የትርጉም ጽሑፎች መያዝ ይችላል። 32 የሚለውን ቁጥር አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በአገራችን ይህ ሁሉ ብዙም ያልታወቀው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት በከተሞቻችን ለብዙ ዓመት የነገሠው ቪሲዲ መሆኑ ነው። ቪሲዲ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም የማያልፍ ምስል ስለሚይዝ አንድ ፊልም በሁለት ዲስክ ይሸጥ ነበር (ሁለተኛው ዲስክ ሁልጊዜ ጎረቤት ቤት የሚቀረው በምን ምክንያት እንደሆነ ግን ሳይንስ አልደረሰበትም)። ለተጨማሪ ነገር ቦታ አልነበረውም። ሌላው ምክንያት ያለ ፈቃድ የሚባዛው ዲቪዲ ነው። ዋናው ዲስክ ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት ንብርብር ሆኖ 8.5 ጊጋባይት ያህል ሲይዝ፣ አባዢው የሚጠቀምበት ባዶ ዲስክ 4.7 ጊጋባይት ብቻ ይይዛል። ታዲያ አባዢው ምን ይጥላል? ፊልሙን መጣል አይችልም፤ ስለዚህ ተጨማሪዎቹን ይጥላል። በዚህ ዓይነት አንድ ትውልድ ሙሉ ፊልሞችን ተመልክቶ፣ ፊልሞቹ እንዴት እንደ ተሠሩ የሚያስረዳውን ክፍል ሳያይ አደገ።

አሁን ወደ ዲስኮቹ እንግባ።

የመጀመሪያው የደቡብ ኮሪያው ዳይሬክተር ቦንግ ጁን-ሆ የሠራው «ፓራሳይት» ነው። ፊልሙ በ2019 በካን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ በ2020 ደግሞ የኦስካርን የምርጥ ፊልም ሽልማት አግኝቷል፤ በእንግሊዝኛ ያልተሠራ ፊልም ይህን የኦስካር ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው። ክራይቴሪያን በ2020 ባወጣው ዕትም ላይ የዳይሬክተሩና የፊልም ሐያሲው የቶኒ ሬይንስ የማብራሪያ ድምፅ፣ የፊልሙ ጥቁርና ነጭ ቅጂ፣ ከካሜራ ባለሙያው፣ ከመድረክ ነዳፊውና ከኤዲተሩ ጋር የተደረጉ ቃለ ምልልሶች፣ እንዲሁም በእጅ የተነደፉት ሥዕሎች ከተቀረጸው ትዕይንት ጋር ጎን ለጎን የሚታዩበት ክፍል ይገኙበታል።

ከእነዚህ ሁሉ ለመምህር የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው። ቦንግ ጁን-ሆ ካሜራ ከመያዙ በፊት ፊልሙን ሥዕል በሥዕል በራሱ እጅ ይነድፋል። በፊልሙ ውስጥ ድኻው ቤተሰብ ከሀብታሞቹ ቤት በዝናብ አምልጦ ወደ ሰፈሩ የሚወርድበት ትዕይንት አለ። ይወርዳሉ፤ ደረጃ፣ ከዚያ መንገድ፣ ከዚያ እንደገና ደረጃ። ውሃውም አብሯቸው ይወርዳል። በመጨረሻ ግማሹ ከመሬት በታች የሆነው ቤታቸው በጎርፍ ተሞልቶ ይጠብቃቸዋል። ድኽነትና ሀብት በፊልሙ ውስጥ በቃል አልተነገሩም፤ በከፍታና በዝቅታ ተነግረዋል። ያ የድኾች ሰፈር ደግሞ ጎርፉን ለመቅረጽ እንዲመች በውሃ ገንዳ ውስጥ የተሠራ ነው፤ የሀብታሞቹም ቤት ለፊልሙ ሲባል የተገነባ ነበር። ተማሪው ይህን ሲያውቅ ጥያቄው ይለወጣል። «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ማለቱን ትቶ «ይህ ደረጃ እዚህ የተቀመጠው ለምንድን ነው?» ይላል። ስለ ድርሰት አወቃቀር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስናስረዳ የምንለፋው ለዚሁ ጥያቄ ነው።

በማሠልጠኛ ተቋም ከእጩ መምህራን ጋር ስንሠራ የምንከተለው መንገድ ይህ ነው፦ ከአራት ደቂቃ የማይበልጥ ትዕይንት በመጀመሪያ ያለ ምንም ማብራሪያ ይታያል፤ ያዩትን ሳይሆን የተረዱትን በአምስት መስመር ይጽፋሉ። ቀጥሎ በእጅ የተነደፈው ሥዕል ይታያል። የዳይሬክተሩ ማብራሪያ የሚሰማው በመጨረሻ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ትምህርቱ ይበላሻል፤ ምክንያቱም ተማሪ አንዴ የደራሲውን ቃል ከሰማ የራሱን ዓይን ያምናል ማለት ዘበት ነው። የማብራሪያ ድምፅ ትልቁ ጥቅምም ትልቁ አደጋም እዚህ ላይ ነው። ሠሪው ስለ ሥራው የሚለው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን ከሠሪው ቃል የበለጠ ወይም ያነሰ ሊናገር ይችላል። ፈተና ላይ ደራሲው «ሊል የፈለገውን» ብቻ እየጠየቅን ያሳደግናቸው ልጆች ይህን ልዩነት በአንድ ቀን አይለምዱትም።

ስለ ጥቁርና ነጩ ቅጂ አሳባችን የተለየ ነው። ቀለሙ ሲወጣ የፊት ገጽታዎች ይጎላሉ፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ለሁለተኛ ጊዜ ሁለት ሰዓት ለመቀመጥ በቂ ምክንያት አላገኘንበትም። አንድ ትዕይንት በሁለቱም ቅጂ ማሳየት ይበቃል።

ሁለተኛው የአልፎንሶ ኳሮን «ሮማ» ነው። በ2018 በኢንተርኔት አሠራጪው በኔትፍሊክስ አማካይነት ወጥቶ፣ በ2020 በዲስክ ታተመ። ዳይሬክተሩ በሜክሲኮ ከተማ ያሳለፈውን የልጅነት ዘመንና ያሳደገችውን የቤት ሠራተኛ መነሻ አድርጎ የሠራው ፊልም ነው። በዲስኩ ላይ ካሉት ተጨማሪዎች ዋናው ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ዶክመንተሪ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ የልጅነት ቤቱን እንደገና እንዴት እንዳቆመ ያሳያል። ለተዋንያኑ ሙሉውን ጽሑፍ አልሰጣቸውም፤ ትዕይንቶቹም በታሪኩ ቅደም ተከተል ስለ ተቀረጹ የነገው ዕጣቸውን ሳያውቁ ነበር የሚጫወቱት። የቤት ሠራተኛዋን ሆና የተጫወተችው ያሊትሳ አፓሪሲዮ ከዚያ በፊት ተዋናይት አልነበረችም። የሕፃናት ትምህርት ተምራ ያጠናቀቀች እጩ መምህርት ነበረች! ከዚያ ተነሥታ በ2019 ለኦስካር የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ታጨች። ይህን ለሠልጣኞቻችን ስንነግራቸው ክፍሉ በሣቅ ይሞላል፤ ከትምህርቱ በኋላ ግን ስለ ዶክመንተሪው ብዙ ይጠይቁናል።

በዚሁ ዲስክ ላይ ፊልሙ በሜክሲኮ ስላስነሣው ማኅበራዊ ውይይት የሚናገር አጭር ዶክመንተሪም አለ። በ2019 የሜክሲኮ ምክር ቤት የቤት ሠራተኞችን መብት የሚመለከት ሕግ ማጽደቁ ይታወቃል። እኅቷ ወይም አክስቷ በቤይሩት፣ በሪያድ ወይም በዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ ተማሪ በየክፍላችን አለች። ለእርሷ ይህ ተጨማሪ ከዋናው ፊልም ባልተናነሰ የሚናገር ይመስለናል። መምህሩ ግን ክፍሉን አስቀድሞ ይወቅ፤ ፊልሙ የሞተ ሕፃን የሚወለድበት ትዕይንት አለበት። ለሁሉም ዕድሜ አይሆንም።

ሦስተኛው የክሪስቶፈር ኖላን «ኦፐንሃይመር» ነው። በ2023 በሲኒማ ቤት ታይቶ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ገደማ በዲስክ ወጣ። ዳይሬክተሩ ሰዎች ዲስኩን ገዝተው በመደርደሪያቸው ላይ ቢያስቀምጡት ክፉ የኢንተርኔት አሠራጪ መጥቶ ሊወስድባቸው እንደማይችል በአደባባይ ተናግሮ ነበር። ከፍተኛ ጥራት ያለው የፎር ኬ ዕትም በቀናት ውስጥ በብዙ መደብሮች አልቋል።

የዚህ ዲስክ ተጨማሪዎች በአንድነት ከሦስት ሰዓት በላይ ይሄዳሉ። ብዛታቸው ግን አያታልለን። ስለ ፊልሙ አሠራር የሚናገረው ረጅም ዶክመንተሪ ብዙ ደቂቃ የሚያጠፋው በምስጋና ነው፤ ተዋንያኑ ዳይሬክተሩን፣ ዳይሬክተሩ ተዋንያኑን፣ ሁሉም በአንድነት አልባሳት ክፍሉን ያመሰግናሉ። የዓመት መዝጊያ በዓል ላይ የሚደረገውን ንግግር የሚያስታውስ ነው። የዳይሬክተሩ የማብራሪያ ድምፅ በዲስኩ ላይ የለም። ዋጋ ያለው ክፍል አጭሩ ነው፦ ለዚህ ፊልም ሲባል ኮዳክ ኩባንያ 65 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ ጥሬ ፊልም እንዴት እንደ ሠራ የሚያስረዳው። ከዚያ በፊት በዚያ ስፋት ጥቁርና ነጭ ፊልም አልነበረም። የኬሚስትሪ መምህር ይህን ክፍል ቢያሳይ የብር ጨው ብርሃን ሲያገኘው የሚሆነውን ለማስተማር ጥሩ መነሻ ያገኛል።

ከዚህ ሌላ ስለ እውነተኛው ኦፐንሃይመር የሚተርክ 87 ደቂቃ የሚፈጅ ዶክመንተሪ ከዲስኩ ጋር ተሰጥቷል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ፊልሙ የሂሮሺማን ከተማ አያሳይም፤ ሳይንቲስቱ የተቃጠሉትን ሰዎች ሥዕል ከማየት ፊቱን ሲያዞር ብቻ ነው የምናየው። ብዙ ሐያስያን ስለዚህ ተከራክረዋል። ዶክመንተሪው ግን ከታሪክ ጸሐፊዎቹና ከፊዚክስ ሊቃውንቱ መካከል ከሂሮሺማ የተረፈች ሴት ቃሏን እንድትሰጥ ያደርጋል። ዋናው ፊልም ዘግቶት ያለፈውን በር ተጨማሪው ከፈተው ማለት ነው። የፊዚክስና የታሪክ መምህራን በአንድነት ሊያስተምሩበት የሚችሉት ይህ ነው፤ ከሦስት ሰዓቱ ፊልም ይልቅ ይህ እንዲታይ የምንመክረውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ አራተኛው፣ ወደ እኛው፣ እንምጣ።

ጄሲካ በሽር የተወለደችው በሜክሲኮ ከተማ ሲሆን ያደገችው በሐረር ነው። በወጣትነቷ ከአገር ወጥታ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰች፤ አሥር ዓመት ያህል እየተመላለሰች በራሷ ካሜራ ቀርጻም «ፋያ ዳዪ» የተባለውን ፊልም በ2021 በሰንዳንስ ፌስቲቫል አሳየች። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ በሚካሄደው በቪዥን ዱ ሬኤል ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። ሁለት ሰዓት የሚሄድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ስለ ጫት ነው ቢባል ትክክል ነው፤ ጫት ሲቆረጥ፣ ሲታሰር፣ ሲጫን፣ ሲቃም ያሳያል። ነገር ግን ስለ ጫት ጉዳትና ጥቅም እንዲሰብክለት የፈለገ ተመልካች ባዶ እጁን ይመለሳል። ተራኪ የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ ባለሙያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያስረዳም። የጭሱ፣ የጸሎቱና የለሊቱ ዓለም ከስደት አሳብ ጋር ተሸምኖ፣ የሱፊዎች የዘላለም ሕይወት ፍለጋ አፈ ታሪክ በመሐሉ ይሄዳል።

እንዲህ ያለውን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ተማሪ ሊሰለች ይችላል። በዲስኩ ላይ ያሉት ተጨማሪዎች ለዚህ መድኃኒት ናቸው። ዳይሬክተሯ ከዚህ በፊት የሠራቻቸው ሦስት አጫጭር ፊልሞች አብረው ታትመዋል፤ ከመካከላቸው በ2017 የሠራችው «ሐይራት» በሐረር በየሌሊቱ ጅብ የሚያበላ ሰውን የሚያሳይ ነው። ሐረርን የጎበኘ ሁሉ ያየው፣ የቱሪስት ካሜራ ሁሉ ያነሣው ትርኢት ነው። እርሷ ግን ጎብኚውን ከሥዕሉ አስወጣችው። ሰውዬውና ጅቦቹ ብቻ በጨለማው ውስጥ ቀሩ። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሁለት ጊዜ ታይቶ ለውይይት ጊዜ ይተርፋል። ይህን ያየ ተማሪ «ፋያ ዳዪ»ን ሲጀምር እጇን ያውቃታል፤ የምትዘገየው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ስለዚህ በእኛ ግምት ከአራቱ ዲስኮች ሁሉ ተጨማሪው ለዋናው ፊልም በእውነት የሚያገለግለው በዚህኛው ላይ ነው፤ አንድም የምስጋና ንግግር ሳያስፈልገው።

ነገር ግን ይህ ዲስክ ሐረር ላይ ይታያል ወይ?

ብሉ ሬይ ዲስኮች ዓለምን በሦስት ቀጠና ከፍለዋል። ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ከጃፓንና ከኮሪያ ጋር በቀጠና ኤ፣ አውሮፓና አፍሪካ በቀጠና ቢ፣ ሩሲያ፣ ቻይናና ሕንድ በቀጠና ሲ ተመድበዋል። በአሜሪካ የታተመው የ«ፋያ ዳዪ» ብሉ ሬይ ለቀጠና ኤ የተሠራ ነው። ለኢትዮጵያ ተብሎ የተሠራ ማጫወቻ ያንን ዲስክ አይከፍተውም። ዲቪዲም የራሱ ክፍፍል አለው፤ አሜሪካ 1 ሲሆን ኢትዮጵያ 5 ናት። ይህ የቴክኒክ ችግር አይደለም፤ ምስሉ ያው ምስል፣ ብርሃኑ ያው ብርሃን ነው። ፊልም በየአገሩ በተለያየ ጊዜና በተለያየ ባለመብት እንዲሸጥ ሲባል ሆን ተብሎ የተበጀ ቁልፍ ነው። የንግዱ ምክንያት ይገባናል። ውጤቱ ግን ይህ ነው፦ በሐረር የተቀረጸ፣ የሐረር ሰዎች የሚናገሩበት ፊልም በኒው ዮርክና በቶኪዮ ሲከፈት በሐረር ይቆለፋል። የፎር ኬ ዲስኮች የቀጠና ቁልፍ የላቸውም፤ እንግዲህ «ኦፐንሃይመር» ማጫወቻው ካለ ሐረርም ይከፈታል ማለት ነው።

ቁልፉ ቢከፈትም ሌላ ይከተላል። በፊልሙ የሚነገሩት ቋንቋዎች ኦሮምኛ፣ ሐረሪና አማርኛ ናቸው። የትርጉም ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። አንባቢ ያስታውስ እንደሆን በዲቪዲ ላይ እስከ 32 የትርጉም ጽሑፍ ይያዛል ብለናል፤ ብሉ ሬይም ከዚህ አያንስም። ስለዚህ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሐረሪ የሌሉት ቦታ ጠፍቶ አይደለም። ደሴ ያለ ተማሪ የባሌ ወይም የሐረርጌ ገበሬ የሚለውን ለመረዳት በእንግሊዝኛ በኩል መዞር አለበት። ሀገራችንን የሚመለከቱ ፊልሞች በውጭ ሲታተሙ ዳይሬክተሮቻችን ከውል በፊት ይህን ነጥብ ቢያነሡ ደስ ይለናል። ዋጋው ከፊልሙ ወጪ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ለዲስክ ይህን ያህል የምንጨነቀው ፊልም ሁሉ በኢንተርኔት በሚገኝበት ዘመን ነው ወይ የሚል ይኖራል። ገበያው ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። ኔትፍሊክስ በ1998 የጀመረውን በፖስታ ዲስክ የማከራየት ሥራ በመስከረም 2023 ዘግቷል፤ ቤስት ባይ የተባለው ትልቁ የአሜሪካ መደብርም በ2024 የፊልም ዲስክ መሸጥ አቁሟል። ነገር ግን በኢንተርኔት የሚሠራጨው ፊልም በአብዛኛው ተጨማሪዎቹን ይዞ አይመጣም፤ ውሉ ሲያበቃም ከዝርዝሩ ይወጣል። በዚህ ዓመት ያዘጋጀነው የትምህርት ዕቅድ በሚቀጥለው ዓመት ፊልሙ ስለ ጠፋ ይፈርሳል። መብራት በሚቆራረጥበትና የኢንተርኔት ክፍያ ከመምህር ደመወዝ ጋር በማይመጣጠንበት ትምህርት ቤት ደግሞ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያልቃል። ዲስክ አንዴ ከተገዛ ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ አይወጣም። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን ከ1993 ጀምሮ በራሱ ድርጅት ሲያከፋፍል፣ በዋሽንግተንም ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት መጻሕፍትና ፊልሞች የሚሸጥበት መደብር ሲከፍት የገባው ነገር ይህ ይመስለናል፤ ሥራህ በሌላ ሰው መጋዘን ካደረ በሌላ ሰው ፈቃድ ይታያል።

የቋንቋ መምህራን እስከዚያው ሊሠሩት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። ተማሪዎችን በአራት በአራት መድቦ የአንድ ትዕይንት የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ጽሑፉ ከሁለት መስመር አይበልጥም፣ ተናጋሪው ከጨረሰ በኋላ ብዙ አይቆይም፣ ዓይንም ከምስሉ ረጅም ጊዜ መነጠቅ የለበትም። በሠልጣኞቻችን ላይ እንዳየነው የመጀመሪያው ረቂቅ ሁልጊዜ ይረዝማል፤ «እኔ እንደሚመስለኝ ከሆነ» ብለው የጀመሩት በሦስተኛው ረቂቅ «ይመስለኛል» ይሆናል። ኦሮምኛ የሚያውቅ ተማሪ በቡድኑ ካለ ከእንግሊዝኛው ሳይሆን በቀጥታ ከንግግሩ እንዲተረጉም ይደረግ፤ ሁለቱን ትርጉሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወያየት ብቻውን አንድ ክፍለ ጊዜ ይሞላል።

ዲስኩን የሚረከበው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ደግሞ ይህን ይወቅ፦ አቧራ ሲኖረው በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ይጠረጋል እንጂ እንደ ሰሐን በክብ አይታሽም። በክብ የሄደ ጭረት የምልክቱን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ ማጫወቻው ሊያርመው ይቸገራል፤ ከመሐል ወደ ዳር የተጫረውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘልሎ ያልፈዋል።